የካሜራ ቅጂ ዲስኩን እየሞላ ዳታቤዙን ያቆምብኛል፤ ፓርቲሽኑን እንዴት ልከፋፍል?

ጠያቂ (ሀዋሳ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሐይቁ ዳር ላለ አንድ እንግዳ ማረፊያ ሰርቨር እያዘጋጀሁ ነው። ደቢያን 12 (ሊኑክስ) ላይ የእንግዳ መመዝገቢያው ዳታቤዝ ፖስትግሬስ እና የ6 ካሜራ ቅጂ አብረው ይሠራሉ። እስካሁን ሁሉም ነገር 240 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ላይ፣ በአንድ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍልፋይ) ነው። ቅጂው ዲስኩን ሲሞላው ፖስትግሬስ መጻፍ ያቅተውና ቀጥ ይላል፤ እንግዳው ሻንጣውን ይዞ ሪሴፕሽን ላይ ይገተራል። አሁን 2 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ስለተገዛ እንደ አዲስ ልጭነው ነው። /ሆም (የተጠቃሚ ፋይል)፣ /ቫር (ሎግና ዳታ)፣ /ቲኤምፒ (ጊዜያዊ ፋይል)፣ /ዩኤስአር (ፕሮግራሞች) ሁሉም ለየብቻ ይሁኑ የሚል ምክር አግኝቻለሁ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ታቦር ማዶ፦
ያ ምክር አርጅቷል። /ዩኤስአርን አትንካው፣ ከሩት (ሲስተሙ ካለበት ዋና ፓርቲሽን) ጋር ይሁን። ተጠቃሚ የማይገባበት ሰርቨር ላይ /ሆምን መለየትም ትርፉ ድካም ነው። መለየት ያለበት ልክ ሳይኖረው የሚያድገው ነው፤ አንተ ጋ ደግሞ እሱ ካሜራው ነው። ሃርድ ዲስኩን በሙሉ ለቅጂው ስጠውና /ኤስአርቪ/ካሜራ ላይ ማውንት አድርገው (በዚያ ፎልደር በኩል እንዲከፈት አያይዘው)።

ሂሳቡንም ሥራው። አንድ ካሜራ በሰከንድ 2 ሜጋቢት ከላከ በቀን 21.6 ጊጋባይት ነው፤ ስድስቱ ወደ 130 ይጠጋሉ። 2 ቴራባይት ከ15 ቀን ብዙም አያልፍም። ባለቤቱ የወር ቅጂ ከፈለገ እንቅስቃሴ ሲኖር ብቻ ይቅረጽ፣ አለዚያ ሌላ ዲስክ ይግዛ። አሮጌውን የሚያጠፋው ፕሮግራም ደግሞ ዲስኩ ጢም እስኪል አይጠብቅ፤ 90 በመቶ ላይ ይጀምር።

ቢጫ ኬብል፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ኤስኤስዲው ላይ ግን ኤልቪኤም (የፓርቲሽንን መጠን በኋላ ለመቀየር የሚያስችል ዘዴ) ይኑር። ለሩት 40 ጊጋ፣ ለ/ቫር 60 ጊጋ ስጥና ቀሪውን ሳትመድብ ተወው። ኤክስት4 የሚባለው ፋይል ሲስተም (ፋይል ዲስክ ላይ የሚደራጅበት መንገድ) ማሽኑ እየሠራም ይሰፋል፣ ለማጥበብ ግን መጀመሪያ ከማውንት መውረድ አለበት። ኤክስኤፍኤስ የሚባለው ሌላው ፋይል ሲስተም ጭራሽ አይጠብም። ስለዚህ ከትንሽ ጀምሮ ማስፋት ይሻላል። የፖስትግሬስ ዳታም /ቫር/ሊብ ሥር ስለሆነ ከሩት ተለየልህ ማለት ነው።

ሌላው፣ ኤክስት4 ሲፈጠር 5 በመቶውን ለሩት ተጠቃሚ (ለሲስተሙ አስተዳዳሪ) ይይዛል። 2 ቴራ ላይ ይህ 100 ጊጋ ነው፣ የአንድ ቀን ቅጂ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። ለካሜራው ዲስክ በቲዩን2ኤፍኤስ ትእዛዝ ዜሮ አድርገው። የሩት ፓርቲሽኑን ግን አትንካ፤ ዲስክ ሲሞላ ገብተህ የምታስተካክለው በዚያች በተያዘችው ቦታ ነው።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሃርድ ዲስኩ ባይነሳስ? ማሽኑ ሲነሳ (ቡት ላይ) ተቸክሎ እንዳይቀር ፈርቻለሁ።

ታቦር ማዶ፦
ኤፍስታብ (ማሽኑ ሲነሳ የሚያያይዛቸው ዲስኮች ዝርዝር) ላይ ኖፌይል የሚለውን ቃል ጻፍበት፣ ዲስኩ ባይኖርም ማሽኑ ይነሳል። ዲስኩንም በዩዩአይዲው (በማይቀያየር መለያው) ጥራው፤ ኤስዲኤ፣ ኤስዲቢ የሚለው ስም ቡት በተደረገ ቁጥር ሊቀያየር ይችላል።

የሎግ ጠባቂ፦
ቆይ፣ እዚህ ጋ ጉድጓድ አለ። በኖፌይል ማሽኑ ተነሳ እንበል፤ ዲስኩ የለም፣ /ኤስአርቪ/ካሜራ የሚባለው ፎልደር ግን ኤስኤስዲው ላይ ባዶውን አለ። ቀራጩ ፕሮግራም ምን ያውቃል? እዚያው ይጽፍና ሩትን ይሞላዋል። በኋላ ዲስኩ ሲመለስ የተጻፈው ከማውንቱ ሥር ይደበቃል፤ ዲኤፍ (የዲስክ ቦታ የሚያሳየው ትእዛዝ) ሞልቷል ይልሃል፣ ዲዩ (የፋይሎችን መጠን የሚደምረው) ግን ፋይሉን አያሳይህም።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ዲስኩ ሳይሰካ ባዶውን ፎልደር በቻትር ፕላስ አይ ትእዛዝ ቆልፈው፤ ሩት ተጠቃሚም ቢሆን አይጽፍበትም፣ ማውንት ለማድረግ ግን አይከለክልም። በተጨማሪ የካሜራው ሰርቪስ ፋይል ውስጥ ሪኳየርስማውንትስፎር ብለህ መንገዱን ጻፍ፤ ማውንቱ ከሌለ ሰርቪሱ አይነሳም። ከዚያ ቅጂው ሲቆም መልእክት የሚልክልህ ነገር አዘጋጅ፣ አለዚያ ካሜራው መሞቱን የምትሰማው ዕቃ የጠፋ ቀን ነው።

ጠያቂ፦
ይሄኛውን ማንም አልነገረኝም ነበር። ቅዳሜ እጭነዋለሁ፤ ለባለቤቱ ከማስረከቤ በፊትም የሃርድ ዲስኩን ገመድ ነቅዬ ቡት አድርጌ አየዋለሁ።

ቢጫ ኬብል፦
ገመዱን ስትነቅል ማሽኑ ይጥፋ እንጂ! የዳታቤዙንም ባክአፕ አስቀድመህ ወደ ሌላ ማሽን ውሰድ። ፓርቲሽን ባክአፕ አይሆንም።