ክርክር፦ በአንድ ዲስክ ላይ ሁለት ኦፐሬቲንግ ሲስተም መጫን ለጀማሪ ይመከራልን?

አወያይ፦ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ካበቃ ወዲህ፣ ኮምፒውተራቸው የዊንዶውስ 11ን መስፈርት የማያሟላ ሰዎች ሊኑክስ የተባለውን ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ከነባሩ ዊንዶውስ ጎን እንዲጭኑ ሲመከሩ እንሰማለን። ምክሩ ለጀማሪ ተገቢ ነውን?

መምህርት፦ ተገቢ ነው። ሊኑክስን ከፍላሽ አስነስቶ ዋይፋዩና ድምፁ በትክክል መሥራታቸውን ዲስኩን ሳይነኩ ማረጋገጥ ይቻላል። ፋይሎቹን በሌላ ዲስክ ላይ ባክአፕ ያደረገ (ቅጂ ያስቀመጠ)፣ ለአዲሱ ሲስተም የሚሆነውን ባዶ ቦታ በዊንዶውሱ የዲስክ ማስተዳደሪያ ያስለቀቀ፣ ከዚያም ዲስኩን በሙሉ የሚያጠፋውን ምርጫ ትቶ ከነባሩ ጎን የሚጭነውን የመረጠ ሰው ብዙም የሚያሰጋው ነገር የለም።

የጥገና ባለሙያ፦ የመምህርትን አስተያየት ባከብርም አልስማማበትም። ጀማሪውን የሚጥለው መጫኑ ሳይሆን የማያውቃቸው ቅንብሮች ናቸው። ዲስኩ በዊንዶውሱ የዲስክ መቆለፊያ በቢትሎከር የተቆለፈ መሆኑን ሳያውቅ፣ ኮምፒውተሩ የታመነ ማስነሻ ብቻ እንዲቀበል የሚያደርገውን የሴኪዩር ቡት ቅንብር ሲለውጥ፣ ዊንዶውሱ 48 አሃዝ ያለው የመልሶ ማግኛ ቁልፍ ይጠይቀዋል፤ ቁልፉን አስቀድሞ ካላስቀመጠ ፋይሎቹ አጠገቡ እያሉ ሊከፍታቸው አይችልም። ዊንዶውስን ቶሎ የሚያስነሳው ፋስት ስታርትአፕም እንዲሁ ነው፤ ሰውዬው ኮምፒውተሩን የዘጋ ይመስለዋል እንጂ ዊንዶውሱ የከርነሉን (የሲስተሙን እምብርት) ሁኔታ በዲስክ ላይ አስቀምጦ ስለሚያድር፣ ሊኑክስ በዊንዶውሱ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) ላይ ከጻፈ ፋይሎች ሊበላሹ ይችላሉ።

መምህርት፦ ሁለቱም ከመጫን በፊት የሚስተካከሉ ናቸው፤ ቁልፉ በወረቀት ይጻፋል፣ ፋስት ስታርትአፕ ይጠፋል። ይህን ያህል ማንበብ የሚከብደው ሰው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ዊንዶውስንም ብቻውን ባይጭን ይሻላል።

የጥገና ባለሙያ፦ በትክክል የጫኑትስ? እ.ኤ.አ. በኦገስት 2024 የወጣ የዊንዶውስ ማሻሻያ ሴኪዩር ቡት በበራባቸው ኮምፒውተሮች ላይ የአንዳንድ ሊኑክሶችን ማስነሻ አግዶ ነበር፤ ማይክሮሶፍት ግን እርምጃው ሁለት ሲስተም የተጫነባቸውን አይነካም ብሎ ነበር። ስለዚህ ለጀማሪ የምመክረው ለብቻው የሆነ ዲስክ ነው።

ተማሪ፦ ሊኑክስን በዊንዶውስ ውስጥ እንደ ፕሮግራም የሚያስኬደው ቨርቹዋል ማሽን አይበቃምን?

መምህርት፦ ለመለማመድ ይበቃል። ነገር ግን የምንነጋገረው ስለ አሮጌ ኮምፒውተሮች ነው፤ 4 ጊጋባይት ራም ሁለቱን በአንድ ጊዜ አይሸከምም። ከዚህም በላይ፣ ከሥር ያለው ዊንዶውስ መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ የማያገኘው ያው ሲስተም ነው። የተለየ ዲስክን በተመለከተ፣ ዲስክ መለየቱ ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ አንዳንድ መጫኛዎች ሲስተሙን በሁለተኛው ዲስክ ላይ አድርገው ማስነሻውን በመጀመሪያው ዲስክ የኢኤፍአይ ፓርቲሽን (ማስነሻዎች በሚቀመጡበት ክፍል) ውስጥ ያስቀምጣሉ።

የጥገና ባለሙያ፦ እርሱስ እውነት ነው፤ ስለዚህ እስኪጫን ድረስ የመጀመሪያውን ዲስክ ነቅሎ ማቆየት ያስፈልጋል። ላፕቶፑ አንድ ዲስክ ብቻ የሚቀበል ከሆነ ደግሞ በዩኤስቢ የሚሰካ ኤስኤስዲ ዲስክ ላይ ይጫን እላለሁ፤ በነባሩ ዲስክ ላይ ይሁን በሚለው ግን አሁንም አልስማማም።