የእግር ርዝመት ለተበላለጠበት ልጅ፦ በምን ይለካ፣ የቱ ታኮ ይሻላል፣ ማን ይሥራው? (ጥቆማ)

ጠያቂው፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ ጥቆማ ፈልጌ ነው። 14 ዓመቴ ነው። አዲስ ሱሪ ላሳጥር ሄጄ ሰፊው ሁለቱንም እግር እኩል ቆርጦ ሰፋልኝ። ስለብሰው ግን የቀኙ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ቀረ፣ የግራው ተረከዜ ሥር ገባ። የተሳሳተ መስሎኝ መልሼ ወሰድኩለት። ሱሪውን አጥፎ፣ እግር ለእግር አጋጥሞ አሳየኝ፤ እኩል ነው። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና «እስቲ ቀጥ ብለህ ቁም» አለኝ። ያወቅኩት በዚህ ነው።

ከዚያ ወዲህ መስታወት ፊት ስቆም ዓይኔ የሚያርፈው ቀበቶዬ ላይ ነው፤ ወደ ግራ ዘቅዘቅ ብሏል። አንድ ባለሙያ በሜትር ለክቶ «2 ሴንቲ ተኩል» አለኝ፤ ሌላው በዚያው ሳምንት «1 ሴንቲ ተኩል»። የቱን ልመን? ሱቅ ውስጥ የጄል የተረከዝ ማንሻ አይቻለሁ፤ እሱን ልግዛ ወይስ ጫማ ሠሪ ዘንድ ሄጄ ሶላ ላስጨምር? ኳስ እጫወታለሁ፣ መተው አልፈልግም። ግራ የገባኝ ሌላም ነገር አለ። በ7 ዓመቴ የተሰበርኩት ቀኝ ጭኔን ነው፤ አጭሩ እግሬ ግን ግራው ነው። እንዴት ሊሆን ይችላል?

የልጅቷ እናት፦

የኔ ልጅ፣ የእኔዋ ይህን ያወቀችው በ11 ዓመት ተኩሏ ነው፤ አሁን 17 ሞልቷታል። በእነዚህ ዓመታት ጄሉንም፣ ቡሹንም፣ ሶላ ማስጨመሩንም፣ ቀዶ ጥገናውንም አይተነዋል። ሁሉንም እነግርሃለሁ፤ አስቀድሜ ግን አደራ የምልህ፣ ልዩነቱ ስንት እንደሆነ በትክክል ሳታውቅ ምንም ነገር እንዳትገዛ።

ከስብራቱ ልጀምር። የሕፃን ጭን አጥንት ሲሰበር፣ ለመጠገን ሲባል ወደዚያ አካባቢ ብዙ ደም ይሄዳል። አጥንቱ የሚያድግበት ክፍልም አብሮ ይነቃቃና የተሰበረው እግር ጤነኛውን አልፎ ይረዝማል። አብዛኛውን ጊዜ 1 ሴንቲ ገደማ ነው፤ ከዚያ የሚበልጥበትም አለ። ይህ የሚሆነው በዋናነት ከስብራቱ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ዓመት ተኩል፣ ሁለት ዓመት ውስጥ ነው። ስለዚህ ያንተ በዚህ የመጣ ከሆነ ግራ እግርህ ምንም አልሆነም፣ ቀኝህ ነው የቀደመው፤ ልዩነቱም ከ9 ዓመትህ ጀምሮ እዚያው ቆሞ ሊሆን ይችላል። ስብራት የአጥንቱን ማደጊያ ሲነካ ግን ነገሩ ይገለበጣል፦ የተሰበረው እግር ወደ ኋላ ይቀራል፣ ልዩነቱም በየዓመቱ ይሰፋል። ለዚህ ነው አንድ ጊዜ ተለክቶ መተው የማይበቃው።

የሁለቱ ባለሙያዎች ልክ መለያየቱ አይግረምህ። በሜትር የሚለካው ከዳሌ ፊት ለፊት ጎልቶ ከሚዳሰሰው አጥንት እስከ ውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ነው። ጣት ትንሽ ከተንሸራተተ፣ ጉልበት ትንሽ ከታጠፈ ልኩ ይዛባል፤ በ1 ሴንቲ መሳት ብርቅ አይደለም። ከሜትር ይልቅ እኔ የማምነው ጣውላውን ነው። 5 ሚሊ ሜትርና 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸውን ጣውላዎች ካጠረው እግር ሥር እየደራረቡ፣ የዳሌው ሁለት ጎን እኩል እስኪሆን ድረስ ከኋላ ማየት ነው። ሜትሩ ከቁርጭምጭሚት በታች ያለውን አያይም፤ ጣውላው ግን እሱንም ይቆጥራል። ልጄን የለካቻት ፊዚዮቴራፒስት ከኋላዋ ተንበርክካ፣ ሁለት መዳፎቿን ዳሌዋ ላይ እንደ ውሃ ልክ አጋድማ ነበር የምታየው። 25 ሚሊ ላይ ስትደርስ ልጄ «አሁን መሬቱ ተስተካከለ» አለች። እስከዚያች ቀን ድረስ መሬቱ ዘንበል ያለ መሆኑን አታውቅም ነበር። እኔ ያለቀስኩት ያን ጊዜ ነው።

ለውሳኔ ግን ራጅ የግድ ነው። የጉልበት ብቻ ወይም የዳሌ ብቻ ራጅ ለዚህ ጉዳይ አይረባም። ቆመህ፣ ከዳሌ እስከ ቁርጭምጭሚት ሁለቱም እግሮችህ ባንድ ምስል ላይ፣ ጉልበቶችህ ፊት ለፊት እያዩ፣ ካጠረው እግር ሥር ጣውላ ገብቶ መነሳት አለበት። ያን ጊዜ ልዩነቱ ከጭን ይሁን ከቅልጥም ተለይቶ ይታያል። ሲቲ ስካን ትክክለኛ ልክ ይሰጣል፤ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ጉልበቱ አልዘረጋ ላለው ሰው ነው፣ ተኝቶም ስለሚነሳ አቋቋምን አያሳይም። ኢኦኤስ የሚባለው ቆመው የሚነሱበት መሣሪያ በአቅራቢያህ ካለ እሱን ምረጥ፤ ጨረሩ አነስተኛ ነው፣ አንተ ደግሞ ደጋግመህ መነሳትህ አይቀርም። የግራ እጅ ራጅም ቢያዙልህ «እጄን ምን አገባው?» አትበል። የአጥንት ዕድሜ የሚታወቀው ከእጅ ነው፤ ስንት የእድገት ዓመት እንደቀረህ የሚነግራቸው እሱ ነው።

አጥንቶቹ እኩል ሆነው ዳሌ ብቻ የሚጋደልበት ጊዜም አለ፤ በጀርባ አጥንት መጣመም፣ በዳሌ ጅማት ማጠር ወይም በጉልበት አለመዘርጋት። በእንዲህ ያለው ላይ ታኮ ማድረግ ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም። ስለዚህ የሚያይህ ሰው ቆመህም ተቀምጠህም ጀርባህን ይይልህ። ቆመህ የተጣመመው ጀርባ ስትቀመጥ ቀጥ ካለ ጥፋቱ የእግሩ ነው።

አሁን ወደ ዕቃዎቹ። ጄሉን እኔም ገዝቼ ነበር፤ አልመክርህም። እጅ ላይ ሲይዙት 1 ሴንቲ ነው፣ ሰው ሲቆምበት ግን ይጨፈለቃል፤ ልጄ ከፍታ ያገኘች መስሏት ስታነክስ ከረመች። ጄል ለተረከዝ ሕመም ጥሩ ነው፣ ለከፍታ አይሆንም። ቡሽ ወይም ኢቫ የሚባለው ጠጠር ያለ ስፖንጅ ግን ልኩን ይይዛል። ሁለቱን ሳወዳድር ቡሹ ከፍታውን ረጅም ጊዜ ጠብቆልናል፤ ኢቫው ቀለል ስለሚል ለስፖርት ጫማ ይሻላል። ከተረከዝ ብቻ የሚገባው እስከ 5 ሚሊ ድረስ ምንም አይል። ከዚያ በላይ ሲሆን ግን የተረከዝ ጅማትን እንዳያሳጥር፣ ከተረከዝ ተነስቶ እስከ ጣቶች ድረስ እየሳሳ የሚሄደውን ሙሉውን አሠራ። ከ1 ሴንቲ በላይ የሆነ ነገር ጫማ ውስጥ አታስገባ፤ ተረከዝህ ከጫማው ይወጣል። ከዚያ ያለፈው ከውጭ፣ በሶላው ላይ ነው የሚጨመረው።

ልዩነቱን በሙሉ መሙላት ግዴታ እንዳይመስልህ። ከ2 ሴንቲ በታች የሆነና ወገብም ጉልበትም የማያመው ሰው ያለ ምንም ታኮ ሊኖር ይችላል፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር መበላለጥማ በአብዛኛው ሰው ላይ አለ። ታኮ ካደረግህ በ5 ሚሊ ጀምር፣ ሁለት ሳምንት ያህል ልመደው፣ ከዚያ ጨምር። ልጄ በመጀመሪያው ቀን ሙሉውን አድርጋ ዋለችና ማታ ወገቧን ይዛ ገባች። ደግሞም ነጠላ ጫማህን አትርሳ! የትምህርት ቤት ጫማው ተስተካክሎ ቤት ውስጥ ግማሽ ቀን ያለ ታኮ የሚዋል ከሆነ ሰውነት በምን ይልመድ?

ባለሙያን በተመለከተ የኔ ምርጫ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የሕፃናት አጥንት ሐኪም፤ እድገት ያላለቀ ልጅ የሚያይ መሆኑ ትልቅ ልዩነት አለው። ቀጥሎ ጣውላ ይዞ የሚለካ ፊዚዮቴራፒስት። ታኮውን የሚሠራው የአካል ድጋፍ ወርክሾፕ ቢሆን እመርጣለሁ፣ ልክን ከራጅ ላይ አንብበው ይሠራሉና። ለውጪው ሶላ ግን ጎበዝ ጫማ ሠሪ ከማንም አያንስም፤ ልኩን በጽሑፍ ይዘህ ሂድ። እግር ጎትቼ፣ አሽቼ አረዝማለሁ የሚልህን አትስማ። ማሸት የተጨማደደ ጡንቻን ያፍታታል፤ አጥንት ግን በመጎተት አይረዝምም።

ቀዶ ጥገና ለአንተ የሚያስፈልግህ አይመስለኝም፤ ግን ይህን የሚያነቡ ወላጆች ስላሉ ልናገር። ልጄን ያየው የመጀመሪያው ሐኪም «ስታድግ ይስተካከላል» ብሎን ስምንት ወር አለፈ። ያ ስምንት ወር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ምክንያቱም ልዩነቱ ከ2 እስከ 5 ሴንቲ ለሚደርስ ልጅ ቀላሉ መፍትሔ፣ የረጅሙን እግር ማደጊያ ጉልበት አጠገብ ማቆም ነው፤ ይህ ደግሞ የሚሠራው እድገት ሳያልቅ ብቻ ነው። ብዙ ሰው «ጤነኛውን ለምን ይነኩታል?» ብሎ ይደነግጣል፤ እኔም ደንግጬ ነበር። ሒሳቡ ግን ግልጽ ነው፦ የጭን አጥንት በታችኛው ጫፉ በዓመት 1 ሴንቲ ገደማ፣ ቅልጥም በላይኛው ጫፉ 6 ሚሊ ገደማ ያድጋል፤ ሴቶች 14፣ ወንዶች 16 ዓመት አካባቢ ያቆማሉ። የልጄ ልዩነት እድገቷ ሲያልቅ 3 ሴንቲ እንደሚደርስ ተገምቶ በ12 ዓመቷ የጭኑ ታችኛው ማደጊያ ተዘጋ። ዛሬ የቀራት 9 ሚሊ ነው። ስምንቱ ወር ባይባክን ከዚህም ይጠብ ነበር።

ከ5 ሴንቲ በላይ ለሆነው አጥንት ማርዘም አለ። ኢሊዛሮቭ የተባለው ሐኪም በ1950ዎቹ ሳይቤሪያ ውስጥ፣ ኩርጋን ከተማ ያዳበረው ዘዴ ነው፦ አጥንቱ ተቆርጦ፣ እግሩን ከውጭ በሚከብቡ የብረት ቀለበቶች ተይዞ በቀን 1 ሚሊ፣ ያውም በአራት ተከፍሎ ይራራቃል፤ በመሐሉ አዲስ አጥንት ይሞላል። ዛሬ የውጭው ቀለበት ሳያስፈልግ አጥንት ውስጥ የሚገባና በማግኔት የሚረዝም ዘንግም አለ። የወራት ሥራና የዕለት ተዕለት ፊዚዮቴራፒ ስላለው፣ ለ1 ሴንቲ ተኩል ማንም አያስበው።

ጫማ ሠሪው፦

ወንድሜ፣ እህታችን የተናገሩት ልክ ነው። ከሥራው በኩል ጥቂት ልጨምር። ሶላ ሲጨመር ከታች መለጠፍ ብቻ አይደለም። እኔ ሶላውን በአግድም ሰንጥቄ ነው ኢቫውን መሐል የማስገባው፤ የመጀመሪያው ጥርስ ያለው ሶላ ከታች ይቀራል፣ ጫማው አያንሸራትትም፣ ከሩቅም አይታወቅም። ተረከዙ ላይ 12 ሚሊ ከሆነ መሐል እግሩ ላይ 8፣ ጣት ላይ 4 አደርገዋለሁ፤ ጫፉንም ወደ ላይ አቃናዋለሁ። ይህን ያልሠራ ሰው የሰጠህ ጫማ በየእርምጃው መሬት ይነካብሃል።

ሁልጊዜ ሁለቱንም ጫማ ይዘህ ና፤ ያረጀውን ደግሞ አትጣለው። የየትኛው ተረከዝ በየት በኩል እንደተበላ ሳይ አካሄድህን አነባለሁ። ስትገዛ ሶላው ጠፍጣፋና ድፍን የሆነ፣ በክር የሚታሰር፣ የውስጡ ሶል የሚወጣ ጫማ ምረጥ። ሶላው ውስጥ አየር የተሞላበትን ጫማ አታምጣልኝ፤ ከተሰነጠቀ አይጠገንም። የኳስ ጫማህን አልነካውም፣ ጥርሱ ይበላሻል፤ ለእሱ የውስጡን ስስ ኢቫ ብቻ ተጠቀም።

ጠያቂው፦

እትዬ፣ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ አባቴ ደብተሮቼን በማስመሪያ ለካቸው፤ አንዱ 5 ሚሊ ሆነ። ግራ እግሬ ሥር አንድ አስገባ፣ ምንም። ሁለት፣ ቀበቶዬ ትንሽ ቀና አለ። በሦስተኛው «በቃ፣ እዚህ ላይ ነው» አለኝ። አራተኛውን ሲጨምር ወደ ቀኝ ልወድቅ መሰለኝ። ቀጠሮ ይዘናል፤ ቆሜ የምነሳውን ራጅ እንጠይቃለን። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ለጓደኞቼ ልንገራቸው?

የልጅቷ እናት፦

አባትህን ሰላም በልልኝ፤ ደብተሩ ጥሩ ጣውላ ሆኗል። ለጓደኞችህ ስትፈልግ ትነግራለህ፣ ማንም አያስገድድህም። ልጄ ለአንዷ ብቻ ነበር የነገረችው፤ ያቺ ጓደኛዋ ናት ታኮው ሲንሸራተት በዓይኗ የምትጠቅሳት። ራጁ ሲወጣ የምስሉን ቅጂ ጠይቅ፣ ቀኑን ጻፍበትና ከስድስት ወር በኋላ ስትሄድ ይዘኸው ሂድ። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲታዩ ነው ልዩነቱ ቆሟል ወይስ እየሰፋ ነው የሚለው የሚታወቀው።