በቤት ውስጥ የጣሳ ወተት ስሠራ ለምን ያርርብኛል፣ ለምንስ ይቋጠራል?

ጥያቄ፦ ከዱባይ ተመላሿ

ሰላም ለሁላችሁም። ዱባይ በኖርሁባቸው ዓመታት የለመድሁትን ከረክ ሻይ፣ ማለትም በወተትና በቅመም የሚፈላውን ሻይ፣ አዲስ አበባ ከገባሁም በኋላ አልተውሁትም፤ ነገር ግን ሻዩ የሚፈላበት፣ ስኳር የሌለበትና ወፈር ያለው የጣሳ ወተት፣ ማለትም ኢቫፖሬትድ ሚልክ የሚባለው፣ እዚህ ዋጋው አይቀመስም። ጎረቤታችን ደግሞ ላሞች አሏቸው፤ ሁዳዴ ሲገባ ገዢ ስለሚቀንስባቸው በቀን 2 ሊትር በቅናሽ ሊሰጡኝ ፈቅደዋል። ስለዚህ ወተቱን አፍልቼ ውሃውን በማትነን በጠርሙስ አሽጌ እስከ ፋሲካ ላቆየው አሰብሁ።

እስካሁን ሁለት ጊዜ ሞክሬያለሁ። በመጀመሪያው ቀን በስስ የአሉሚኒየም ድስት በኃይለኛ እሳት ስላፈላሁት ከታች አረረ፤ የቀረውም ቡናማ ሆኖ ጥቃቅን ቅንጣት ነበረበት። በሁለተኛው ቀን እሳቱን ቀንሼ በትዕግሥት ሳማስል ቆየሁና ግማሽ ያህል ከቀነሰ በኋላ በአንድ ጊዜ ተቋጥሮ አይብ ሆነብኝ። ምናልባት የሚጠቅም ከሆነ፣ የሁለተኛው ቀን ወተት የማታውና የጠዋቱ የተቀላቀለ ነበር። ስሕተቴ ምን ላይ ነው?

መልስ፦ የሰላሌዋ እናት

ልጄ፣ መልሱን ራስሽ ጽፈሽዋል። የማታ ወተት ከጠዋት ወተት ጋር አይቀላቀልም። ያደረው ሳይጎመዝዝሽ እንኳ መቀየር ጀምሯል፤ አንድ ጊዜ ፈልቶ ለመጠጣት ይበቃ ይሆናል እንጂ አንድ ሰዓት ሙሉ እሳት ላይ አይቆምም። ከመጀመርሽ በፊት ሁለት ማንኪያ ያህል በትንሽ ድስት አፍልተሽ እዪው፤ ያቺ ከተቋጠረች የቀረውን ሳታባክኚ አይቡን አውጪው።

ሌላው ዕቃው ነው። ጎረቤትሽ ወተቱን በወይራ በታጠነ ዕቃ የሚያልቡ ከሆነ፣ በጥሬው ደስ የሚለው የጢሱ ጠረን ወተቱ ሲወፍር አብሮ ይበረታና ሻይሽን ያሸንፈዋል። በታጠበ ንጹሕ ዕቃ እንዲሰጡሽ ለምኛቸው። ስልባቦቱንም እያነሣሽ አትጣዪ፤ ስታማስዪው ተመልሶ ይገባል፤ በመጨረሻ ማጥለል ብቻ ይበቃሻል።

መልስ፦ የምግብ ቴክኖሎጂ ባለሙያ

እናታችን የተናገሩት ትክክል ነው። ምክንያቱን ብጨምር፣ ውሃው ሲቀንስ የወተቱ አሲድም ማዕድኑም ስለሚከማች፣ ፕሮቲኑ በመጀመሪያው ሙቀት ጸንቶ ቆይቶ ሂደቱ ከተጋመሰ በኋላ ሊቋጠር ይችላል፤ በእርስዎም ላይ የደረሰው ይህ ይመስለኛል። ፋብሪካዎች ይህን ለመከላከል ጥቂት የፎስፌት ጨው ይጨምራሉ። ቤት ውስጥ ግን ትኩስ ወተት መጠቀም ይሻላል። ቤኪንግ ሶዳ ጨምረው የቀየረ ወተት ለማዳን የሚሞክሩ አሉ፤ እኔ አልመክረውም፣ ምክንያቱም ጉምዘዛውን ይሸፍናል እንጂ ወተቱን ትኩስ አያደርገውም።

ልኬቱን በዓይን አይገምቱ። የፋብሪካው ወተት ከውሃው 60 በመቶ ያህሉ የወጣለት ስለሆነ፣ 2 ሊትር ወተት ወደ 900 ሚሊ ሊትር መውረድ አለበት። አስቀድመው 900 ሚሊ ሊትር ውሃ በሚጠቀሙበት ድስት ውስጥ ይጨምሩ፣ የእንጨት ማማሰያውን ቀጥ አድርገው ያቁሙና ውሃው የደረሰበትን በቢላ ጫፍ ምልክት ያድርጉበት፤ ከዚያ ውሃውን ደፍተው ወተቱን ይጀምሩ። ድስቱ ሰፊና ታቹ ወፍራም ይሁን፤ ወተቱ ዳር ዳሩን ብቻ እየተንተከተከ፣ ማማሰያው የድስቱን ታች እየጠረገ ከአንድ ሰዓት በላይ መቆየቱ አይቀርም።

እስከ ፋሲካ የማቆየቱን ሐሳብ ግን ይተዉት። የጣሳው ወተት ለወራት የሚቆየው ውሃው ስለቀነሰ ሳይሆን፣ ከታሸገ በኋላ ከ115 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ሙቀት ስለሚመክን፣ ማለትም ጀርሞቹ ስለሚሞቱ ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ ድስት ውስጥ የፈላ ወተት ወደዚያ ሙቀት አይደርስም። ስኳር የበዛበት ኮንደንስድ ወተት በስኳሩ ይጠበቃል፤ የእርስዎ ግን ምንም የሚጠብቀው ስለሌለ በማቀዝቀዣ ውስጥ 3 ወይም 4 ቀን ነው ዕድሜው።

ከዱባይ ተመላሿ

አመሰግናለሁ። በፕሬዠር ኩከር ውስጥ ጠርሙሱን ባፈላውስ?

የምግብ ቴክኖሎጂ ባለሙያ

አይሞክሩት። ወተት ወፍራምና አሲዱ አነስተኛ ስለሆነ ሙቀቱ ወደ ጠርሙሱ መካከል በዝግታ ይገባል፤ ቦቱሊዝም የሚባለውን ከባድ የምግብ መመረዝ የሚያመጣው፣ አየር በሌለበት የሚያድገው ባክቴሪያ ዘሩ ከተረፈ ደግሞ፣ መርዙ በጠረንም በጣዕምም ላይታወቅ ይችላል። ለቤት የተፈተነ አስተማማኝ መመሪያ የለውም።

መልስ፦ ሻርጃ ያለች እህት

እህቴ፣ እኔ እዚህ ጣሳው ሲያልቅብኝ በዱቄት ወተት እሠራለሁ። ቅባቱ ያልወጣለትን 100 ግራም ዱቄት በ270 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ እየመታሁ አዋሕዳለሁ፤ ከዚያ አጥልዬ ጥቂት አሳርፈዋለሁ፤ እሳትም ማማሰልም የለበትም። እንደ ትኩስ ወተት የተነነው ባይጣፍጥም፣ ሄልና ዝንጅብል በገባበት ከረክ ውስጥ ልዩነቱን የሚለይ እንግዳ እስካሁን አልገጠመኝም። የተረፈሽን በበረዶ መሥሪያ ሣጥን አቀዝቅዢው፤ ሲቀልጥ ውሃው ትንሽ ይለያል እንጂ ለሻይ ይሆናል።

ከዱባይ ተመላሿ

ዛሬ የጠዋቱን ብቻ ወስጄ፣ በማማሰያው ላይ ምልክት አድርጌ ሞከርሁ። አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀብኝ፤ ቀለሙ የክሬም ዓይነት ነው፣ አልተቋጠረም፣ ከታች ግን አሁንም ስስ ሽፋን ይዞ ነበርና ሳልፍቀው አጠለልሁት። አንዱን ብርጭቆ ለሻይ አስቀርቼ የቀረውን ወደ በረዶ ሣጥኑ ገልብጫለሁ። ለጎረቤቴም ከነገ ጀምሮ 1 ሊትር ብቻ እንደምወስድ ነግሬያቸዋለሁ፤ እርሳቸው የቀረውን ለቅቤ ሊንጡት ነው።