ኮስተር ላይ ኢንቨርተር ለማስገባት ከአንዱ ባትሪ ብቻ 12 ቮልት መሳብ ይቻላል?

የማርቆሱ ሾፌር (ደብረ ማርቆስ)

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ከረማችሁ። አንድ የቆየ የናፍጣ ኮስተር አለኝ። የኋላ ወንበሮቹን አውጥቼ ሁለት አልጋ፣ ትንሽ ጠረጴዛና ቁም ሣጥን አስገብቼበታለሁ። ሐሳቤ እንግዶች ይዤ ጮቄ ተራራ ላይ ማደር፣ ከዚያ በደጀን አድርጌ ዓባይ በረሃ መውረድ ነው። ሲመቸን ደግሞ ባሕር ዳር እንሻገራለን።

የቀረኝ መብራቱ ነው፣ የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚለውጠውን ኢንቨርተር ማስገባት። 90 ዋት የሚል የቤት ሚኒ ፍሪጅ፣ የእንግዶቹን ላፕቶፕና የካሜራ ቻርጀር፣ ለሻይና ለቡና ደግሞ 1800 ዋት የውሃ ማፍያ ማሠራት እፈልጋለሁ። መኪናው ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪ ነው፣ ተያይዘው 24 ቮልት። አንድ ሠራተኛ «ገበያ ላይ በብዛት ያለው የ12 ቮልት ኢንቨርተር ነው፣ ከአንዱ ባትሪ እንስብልሃለን፣ ምንም አይሆንም» አለኝ። 2000 ዋት የሚል ዕቃም አሳየኝ። ልቤ አልተቀበለውም። ብሩን ሳላወጣ የምታውቁ ምከሩኝ።

የባሕር ዳሩ ኤሌክትሪሻን

ወንድሜ፣ ልብህ ልክ ነው። ከአንዱ ባትሪ እንዳትስብ።

ሁለቱ ባትሪዎች በአንድ ቀንበር የተጠመዱ በሬዎች ናቸው። ዲናሞው ለየብቻ አያውቃቸውም። ሁለቱን በአንድ ላይ ነው የሚሞላው፣ 28 ቮልት ገደማ እየሰጠ። አንዱን ብቻ ማታ ማታ ካደከምከው ጠዋት እሱ ሳይሞላ ይቀራል። ያልተነካው ደግሞ ከልኩ በላይ ይሞላና ውሃው ይፈላል። ውሎ አድሮ ሁለቱም ይሞታሉ። ለቴፕና ለስልክ ቻርጀር ተብሎ እንዲህ የተሳበባቸው ኮስተሮችና አይሱዙዎች እኔ ጋ ይመጣሉ። በመለኪያ ስነካቸው አንዱ 12.7፣ ሌላው 11.9 ይላል። ጮቄ ላይ በዚያ ብርድ፣ ንጋት ላይ ሞተሪኖው አልዞር ሲልህ ማንን ትጠራለህ?

ስለዚህ የ24 ቮልት ኢንቨርተር ነው የምትገዛው። ትንሽ ፈልገህ ብታገኘው ይሻላል። 1000 ዋት በ12 ቮልት ወደ 100 አምፔር ይጎትታል፣ የሚባክነው ተጨምሮ። በ24 ቮልት ግማሹ ነው፣ 50 አካባቢ። ኬብሉም ይቀጥናል፣ ሙቀቱም ይቀንሳል።

ለመኝታው ክፍል ደግሞ ራሱን የቻለ ባትሪ ያስፈልግሃል። የሞተሩ ባትሪ አንዴ ገፍቶ ለማስነሣት የተሠራ ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ መስጠት አይችልበትም። ሁለት ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፔር-ሰዓት ዲፕ ሳይክል፣ ማለትም ቀስ እያለ ለረጅም ሰዓት ለመስጠት የተሠራ ባትሪ፣ በተከታታይ እሰርና ከሞተሩ ባትሪዎች ጋር በሪሌ፣ ራሱ በሚከፍትና በሚዘጋ ማብሪያ፣ አገናኛቸው። ሞተሩ ሲሠራ አብረው ይሞላሉ፣ ሲጠፋ ይለያያሉ። እንግዳው እስኪጠግብ ቢጠቀም መኪናው ጠዋት ይነሣል። ሰው የሚተኛበት መኪና ስለሆነም ድፍን የሆነውን፣ ኤጂኤም የሚባለውን ግዛ። ውሃ የሚጨመርበት ባትሪ ሲሞላ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል፣ አልጋ ሥር አይቀመጥም።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ሁለቱ ባትሪ 2400 ዋት-ሰዓት ይይዛል። እንዲቆይልህ ከፈለግህ ከግማሹ በታች አታውርደው፣ ስለዚህ በእጅህ ያለው 1200 ነው። ፍሪጁ የሰዓቱን ሲሶ ይሠራል ብንል በቀን 720 ይበላል። ኢንቨርተሩ ምንም ሳይሰካበት፣ በርቶ ስለዋለ ብቻ፣ 15 ዋት ቢበላ በ24 ሰዓት 360 ነው። ሰው ይህንን ነው የሚረሳው። ለቻርጀሮቹ 450 ጨምርበት። 1530 ሆነ፣ ውሃ ማፍያው ገና ሳይነካ።

መፍትሔው ፍሪጁን ከኢንቨርተሩ ማውጣት ነው። በ12ም በ24ም የሚሠራ የመኪና ፍሪጅ አለ፣ ኮምፕሬሰር ያለው። ቀጥታ ከባትሪው ትሰጠዋለህ። መብራቱንም በ24 ቮልት ኤልኢዲ አድርገው። ያኔ ኢንቨርተሩ የሚበራው ማታ ላፕቶፕና ካሜራ ሲሞላ ብቻ ይሆናል። 1000 ዋት ከበቂ በላይ ነው። ፒዩር ሳይን ዌቭ የሆነውን፣ እንደ ቤት መብራት የጠራ ሞገድ የሚሰጠውን ግዛ፣ ሞዲፋይዱ አንዳንድ ቻርጀር ያሞቃል፣ ሞተር ያለውንም ዕቃ ያስጮኻል።

ኬብሉ ላይ አትቆጥብ። ሁለት ሜትር የማይሞላ ከሆነ 16 ካሬ ሚሊ ይበቃል፣ እኔ ግን 25 ነው የማስገባው። ንጹህ መዳብ ይሁን። ጫፉን ስትልጠው ቀይ ካልሆነና ቢላዋው ሥር ከነጣ አልሙኒየም ነው፣ መልስለት። የጫፉ መዳብ በመጭመቂያ መሣሪያ ይታሰር እንጂ በመዶሻ እንዳይቀጠቀጥ። ስትጎትተው ንቅንቅ ማለት የለበትም።

ፊውዙ ደግሞ ከባትሪው ፖዘቲቭ በአንድ ስንዝር ውስጥ ይሁን። 80 አምፔር። ብዙ ሰው ኢንቨርተሩ አጠገብ ያደርገዋል፣ ወይ ኢንቨርተሩ በውስጡ አለው ብሎ ይተወዋል። መሐል ላይ ያ ኬብል ቢላጥና ሻንሲውን፣ የመኪናውን ብረት፣ ቢነካ ባትሪው በአንዴ በሺ የሚቆጠር አምፔር ይለቃል። የኢንቨርተሩ ፊውዝ ያንን አያይም። ከኋላ ሰው ተኝቷል። እባክህ ይህችን ነገር ማንም እንዳያስተውህ።

የፍኖተ ሰላሟ

ወንድሜ፣ ስለ ቡናው እኔ ልናገር፣ በመኪና እየተዘዋወርኩ ቡና የምሸጥ ነኝና። ውሃ ማፍያውን እርሳው። ምጣድም እንዳታስብ፣ እሱማ ከ3000 ዋት በላይ ነው። እኔ ሁሉንም በቡታጋዝ ነው የማፈላው፤ ጀበናውም በሱ ላይ ይጣዳል። ግን መስኮት ከፍተህ፣ ቢቻል በሩ አጠገብ ወይም ውጭ። ብርድ ነው ብላችሁ ዘግታችሁ ለሙቀት እንዳትለኩሱት፣ ሰው ይገድላል። ጮቄ ላይ እንግዳ መጀመሪያ የሚመጣለት ሐሳብ ያ ነው፣ አስቀድመህ ንገራቸው።

ከደጀን ነኝ

ሁሉም ተብሏል፣ አንድ ልጨምር። ባሕር ዳር ሆቴል ግቢ ስትቆም የግቢውን መብራት መሰካትህ አይቀርም። ያ መስመርና ኢንቨርተሩ አንድ ሶኬት ላይ ከተገናኙ ኢንቨርተሩ በሰከንድ ይቃጠላል። ቼንጅ ኦቨር አስገባ፣ ወይ ይሄ ወይ ያ እንዲሆን።

የማርቆሱ ሾፌር (ደብረ ማርቆስ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ጋሼ፣ እንዳሉት የ24ቱን አፈላልጋለሁ፣ ማፍያውንም ትቸዋለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ ልጠይቅዎ። ኢንቨርተሩን የት ላስቀምጠው? አልጋው ሥር ሣጥን አለ፣ ለባትሪውም ቅርብ ነው። ከዓይንም ይርቃል።

የባሕር ዳሩ ኤሌክትሪሻን

ቅርበቱ ጥሩ ነው፣ መዘጋቱ ነው መጥፎው። ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ ስትወርድ ሙቀቱን ታውቀዋለህ። በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ኢንቨርተሩ ሞቆ ራሱን ያጠፋል። ጮቄ ደግሞ ከ4000 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ማራገቢያው እንደ ቆላው አያቀዘቅዘውም። 1000 የሚለውን እዚያ ላይ 700 ነው ብለህ ያዘው።

ሣጥኑን በሁለት በኩል ብሳው፣ ከታች የሚገባበት፣ ከላይ የሚወጣበት። ቀዳዳዎቹ ላይ ለአቧራው ወንፊት ግጠምበት። ብርድ ልብስ የሚጎተትበት ጎን አይሁን። የኢንቨርተሩን ቆርቆሮ ከሻንሲው ጋር በወፍራም ሽቦ እሰረው። መብራቱ ሰው ሲይዝ በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጥ መከላከያም ከሶኬቶቹ በፊት ይግባ። ሲገጠም ኒውትራሉ (የመመለሻው ሽቦ) እና ግራውንዱ (የመሬቱ ሽቦ) ኢንቨርተሩ ላይ መገናኘታቸውን በመለኪያ አረጋግጡ፣ ካልተገናኙ መከላከያው አይቆርጥም። አገናኝተው የሚሠሩም፣ የማያገናኙም አሉ፣ መመሪያው ላይ ተጽፏል።

ከመግዛትህ በፊት የዕቃውን ጀርባ ፎቶ አንሥተህ እዚሁ ለጥፈው፣ አየዋለሁ።