እየተማሩ ለመሥራት፣ ተመርቆም ለመቆየት የትኛው አገር ይሻላል?

ብዙ ሰው አገር ሲመርጥ መጀመሪያ የሚጠይቀው «በሳምንት ስንት ሰዓት ያሠራል?» ብሎ ነው። እኔ ከምረቃ በኋላ ያለውን አስቀድሙ እላለሁ። ትልቁ ልዩነት ያለው እዚያ ነው።

ሰዓቱን ቶሎ ልበለው። እንግሊዝ ዲግሪ ለሚማር በትምህርት ወቅት በሳምንት 20 ሰዓት ትፈቅዳለች። ካናዳ ከግቢ ውጭ ለሚሠራ ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ 24 አድርጋዋለች (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። አውስትራሊያ በሁለት ሳምንት 48 ሰዓት፣ ጀርመን በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን ነው። አሜሪካ ጠበቅ ትላለች፤ በሴሚስተር ግቢ ውስጥ 20 ሰዓት፣ ከግቢ ውጭ ግን በመጀመሪያው ዓመት በአብዛኛው አይቻልም።

እንግሊዝ የምትሄዱ አደራ፣ ሰዓታችሁን ቁጠሩ። እስከ ዓርብ 16 ሰዓት ሠርታችኋል እንበል። ቅዳሜ ማታ አለቃ ይደውላል፤ «ነገ ሰው ጎድሎብኛል፣ ለስድስት ሰዓት ያህል ሥራልኝ።» ገንዘቡ ያጓጓል። ግን 22 ሞላ ማለት ነው። ሳምንቱ ከሰኞ እስከ እሁድ ስለሚቆጠር «ባለፈው ሳምንት ትንሽ ነው የሠራሁት» ማለት አያዋጣም። ሁለት ቦታ ብትሠሩም ይደመራል። ሺፍት በገባችሁ ቁጥር ደብተር ላይ ጻፉ፤ ከደመወዝ ወረቀቱ ጋርም አስተያዩ። በተማሪ ቪዛ የግል ሥራ መሥራትም ክልክል ነው፣ በኢንተርኔት የሚሠራ ፍሪላንስ ጭምር።

አሁን ወደ ዋናው። ጊዜ ለሚፈልግ ሰው የኔ ምርጫ ካናዳ ነው፣ ያውም በማስተርስ። ትምህርት ቤቱ ብቁ ከሆነ የአንድ ዓመት ማስተርስ እንኳ የ3 ዓመት የሥራ ፈቃድ ሊያሰጥ ይችላል። ግን ፈቃዱ በዕድሜ ልክ አንዴ ብቻ ነው የሚሰጠው። የስምንት ወር ሰርተፍኬት ተምሮ የጠየቀበት ሰው ስምንት ወር አግኝቶ ዕድሉን ጨረሰ ማለት ነው። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ቀድሞ የነገረው ሰው ቢኖር አያደርገውም ነበር። ማመልከቻውም ትምህርቱ መጠናቀቁ በተረጋገጠ በ180 ቀን ውስጥ መግባት አለበት።

የትምህርት ክፍያ ለሚከብደው ጀርመን። አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አያስከፍሉም፤ ባደን ቩርተምበርግ የሚባለው ክፍለ ግዛት ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣን ተማሪ ያስከፍላል። ከምረቃ በኋላ ሥራ መፈለጊያ 18 ወር አለ፣ በዚያ መሃል ያገኙትን መሥራት ይቻላል። ቋንቋውን ግን ከመጀመሪያው ሴሚስተር ያዙት። በእንግሊዝኛ ተምሮ ጀርመንኛ ሳይችል የተመረቀ ሰው ያ 18 ወር ሥራ ሳያገኝ ሊያልቅበት ይችላል።

ሳይንስ፣ ቴክኖሎጂ፣ ምሕንድስና ወይም ሒሳብ ለሚያጠና አሜሪካ ጥሩ ናት፤ ከምረቃ በኋላ 12 ወር መሥራት ይቻላል፣ ከዚያ ሌላ 24 ወር ሊጨመር ይችላል። በመጀመሪያው 12 ወር ግን ያለ ሥራ ከ90 ቀን በላይ መቀመጥ አይቻልም። ስለዚህ ሥራ ፍለጋውን ከምረቃ በፊት ጀምሩ።

እንግሊዝ ከምረቃ በኋላ 2 ዓመት፣ ለዶክትሬት 3 ትሰጣለች። ከጥር 2027 ጀምሮ ለሚያመለክት ግን 2ቱ ወደ 18 ወር ይወርዳል፣ የመመረቂያ ቀናችሁን አስሉ። አውስትራሊያ ከ35 ዓመት በላይ ለሆነ ብዙም አልመክርም፣ የተመራቂ ቪዛው የዕድሜ ገደብ አለው።

ለደላላ ከመክፈላችሁ በፊት የዩኒቨርሲቲውን የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ጠይቁ፤ መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ።