ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሳብዉፈር ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የድምፅ ነገር የምታውቁ እስቲ ምከሩኝ፤ ሳብዉፈር (ቤዙን፣ ማለትም ወፍራሙን ድምፅ ብቻ የሚያወጣ ስፒከር) ልግዛ አልግዛ ግራ ገብቶኛል።

የምኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሳሎኗ ጠባብ ናት፤ ሶፋና ቡፌ ከገቡ በኋላ የተረፈችኝ ከቲቪው ጎን ያለችው ጥግ ብቻ ናት። ሪሲቨር (የዲሹ ሳይሆን ድምፁን አጉልቶ ለስፒከሮቹ የሚያከፋፍለው) እና አምስት ትናንሽ ስፒከሮች አሉኝ። የፊቶቹ ዉፈር (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ክብ ክፍል) 5 ኢንች ነው። ንግግር ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ዜናና ድራማ ላይ ምንም አይጎድለኝም። ፊልም ላይ ግን ፍንዳታው ቋ ብሎ ይቀራል፣ ደረት ውስጥ አይገባም። ከበሮም እንደዚያው፤ ምቱ ይሰማል፣ ጉምጉምታው የለም።

ሪሲቨሩ ላይ ሳብዉፈር "የለም" ብዬ የፊቶቹን "ትልቅ" አድርጌያቸዋለሁ። ቤዙ ወደ እነሱ ይሄዳል፤ ግን ድምፅ ስጨምር ኮኑ (የዉፈሩ የሚርገበገብ ፊት) ሲንዘፈዘፍ በዓይን ይታያል። ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን በጣም ወፍራም ድምፅ ለሳብዉፈር መተው እንደሚሻል ገብቶኛል።

የሚያሳስበኝ ጎረቤት ነው። ቀጭኑን ድምፅ ግድግዳው ያስቀረዋል፤ ወፍራሙ ግን ብሎኬቱንም ሶሌታውንም አልፎ ይሄዳል። ከታች ያሉት እማማ ወንበር ስጎትት እንኳ ይሰማቸዋል። ባለቤቴ "ከእሳቸው ጋር ልታጣላን ነው?" ትላለች፤ እውነቷን ነው።

ሻጩ 12 ኢንቹን ውሰድ ይለኛል። እሱ ምን አለበት፣ ከሥሩ የሚኖር የለ! እኔ 8 ኢንች ይበቃል ባይ ነኝ።

እንደኔ ፎቅ ላይ የምትኖሩ፣ 8 ኢንቹ ድምፁ ዝቅ ብሎም ለውጥ አለው? ከሥሩ ወፍራም ስፖንጅ ማድረግስ ለታች ቤት ይረዳል? ጥግ ላይ ሲቀመጥ ቤዙ ይበዛል የሚባለውስ ያስቸግራል? ወይስ ብሩን የተሻሉ የፊት ስፒከሮች ላይ ላውለው?