የቪክቶሪያ ዘመን ድሆች የኖሩበትን ለማየት የቱ ይሻላል?

እንግሊዝ የሚመጣ ዘመድ ሁሉ ቤተ መንግሥት አሳየኝ ይለኛል። ባለፈው ግን የእህቴ ልጅ «ድሆቹስ የት ነበር የሚኖሩት?» አለችኝ። ዞረን ካየናቸው ጥቂቱን ላወዳድርላችሁ። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።

አንድ ብቻ ምረጥ ካላችሁኝ በርሚንግሃም ያለውን ባክ ቱ ባክስን እላለሁ። ቤቶቹ ጀርባ ለጀርባ የተጣበቁ ናቸው። አንዱ ቤት መስኮት ያለው በአንድ በኩል ብቻ ነው። 11 ቤት አንድ ግቢ ይጋራል። ሽንት ቤቱም ልብስ ማጠቢያውም የጋራ። አንድ ሰሞን እዚያ ውስጥ እስከ 60 ሰው ይኖር ነበር። ክፍሎቹ በየዘመናቸው ነው የተሰናዱት፤ ከ1840ዎቹ የአይሁድ ቤተሰብ ተነስታችሁ በ1970ዎቹ ከካሪቢያን የመጣ ልብስ ሰፊ ጋ ትደርሳላችሁ። እኔ ያንን መርፌና ክር ሳይ ብዙ ቆምኩ። ስደተኛ ያውቀዋል። ያለ አስጎብኚ አይታይም፤ ቀድማችሁ ቦታ ያዙ። ደረጃው ጠባብና ቀጥ ያለ ስለሆነ ጉልበቷን የሚያማትን እናት ይዛችሁ አትሂዱ።

ከለንደን ላለመውጣት፣ በተለይ ልጆች ካሏችሁ፣ ማይል ኤንድ ያለው ራግድ ስኩል ሙዚየም ጥሩ ነው። ስሙ «የቡትቷሞች ትምህርት ቤት» እንደማለት ነው። ድሃ ልጆችን በመርዳት የታወቀው ባርናርዶ በ1877 የቦይ ዳር መጋዘኖች ውስጥ የከፈተው ነፃ ትምህርት ቤት ነበር። ልጆቹ ቁርስና ምሳም ያገኙ ነበር። አብዛኞቹ ለምን እንደመጡ ይገባችኋል። በየቀኑ ክፍት ስላልሆነ አረጋግጣችሁ ሂዱ።

ኖቲንግሃም አካባቢ ሳውዝዌል ያለው ወርክሃውስ፣ ማለትም ድሆች እየሠሩ የሚጠለሉበት ቤት፣ መኪና ላለው ነው። ሕንፃው የ1824 ነው፣ ከቪክቶሪያ ንግሥና ይቀድማል። ግን የ1834ቱ የድሆች ሕግ አርአያ ያደረገው እሱን ነው። ባል፣ ሚስትና ልጆች በሩ ላይ ይለያዩ ነበር። ክፍሎቹ ባዶ ስለሆኑ ልጆች ይሰለቻሉ።

ብር ለሌለው ደግሞ ለንደን ሾርዲች ውስጥ አርኖልድ ሰርከስ የሚባለው አደባባይ። መሃል ላይ ያለው ጉብታ እዚያ የነበረው የድሆች ሰፈር ሲፈርስ የቀረ ፍርስራሽ ነው። በቦታው የተሠራው አዲስ መኖሪያ በ1900 ሲመረቅ ከድሮዎቹ ነዋሪዎች የገቡበት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ኪራዩን አልቻሉትማ። ለአዲስ አበባ ሰው ይሄ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ከዚያ እዛው ለንደን ወደ ሳውዝዋርክ፣ ክሮስ ቦንስ። በ1853 የተዘጋ የድሆች መቃብር ነው፤ 15,000 ሰው ገደማ እንደተቀበረበት ይገመታል። አላፊው ሁሉ በሩ ላይ ሪባን ያስራል። ቦሮ ማርኬት እዚያው አጠገቡ ነው፤ ምግቡ ውድ ስለሆነ ምሳ ቋጥራችሁ ሂዱ።